የአረፋው ዘመዶች

እንግሊዝኛ የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ ከሚገጥሙት ቃላት አንዱ «ሶፕ» ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ «ሳሙና ማለት ነው» ይላል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ትርጉሙ ትክክል ነው። ያልተነገረው ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ሶፕና ሳሙና ከአንድ አያት የወረዱ ናቸው፤ አንደኛው በሰሜን አውሮፓ ቀርቶ እንግሊዝ ገባ፣ ሌላኛው በሮም፣ በግሪክና በዓረብ አገር ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሦስተኛ ዘመድም አላቸው። እሱ የሳይንስ ቃል ነው፤ «ሳፖኒን» ይባላል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ሲሉ የሚታየው የደብረ ሲናና የአንኮበር ዳገት ላይ የሚበቅለው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ነገር ነው።

ከታላቁ እንጀምር። ሶፕ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳፔ» ነበር። ጀርመኖች «ዛይፈ»፣ ሆላንዶች «ዜፕ» ይሉታል። ቃሉ የጀርመን ወገን የሆኑት የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን «ከመንጠብጠብ» ጋር ያያይዙታል፣ እንደ ሙጫ ጠብ ጠብ ከሚል ነገር ጋር ማለት ነው። ሮማውያን ቃሉን ከእነዚህ ጎረቤቶቻቸው ተውሰው «ሳፖ» አሉት። በላቲን ጽሑፍ ውስጥ ጠቅሶት የምናገኘው ፕሊኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ሊቅ። «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሰፊ መጽሐፉ ሳፖ የጎሎች ፈጠራ መሆኑን፣ ከሞራና ከአመድ እንደሚሠራ፣ ከሁሉም የሚሻለው ከፍየል ሞራ የተሠራው እንደሆነ ይነግረናል። ለምን ያገለግላል? ልብስ ለማጠብ አላለም። ጸጉር ለማቅላት ነው ያለው። ከጀርመኖቹም ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ አብዝተው ይቀቡት እንደነበር ያክላል።

እንግዲህ ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈው የጸጉር ቀለም ስም ሆኖ ነው። ሮማውያን ራሳቸው ገላቸውን የሚያጸዱት ዘይት ተቀብተው በቀጭን ብረት በመፋቅ ነበር። ልብስ አጣቢዎቻቸው ደግሞ የተጠራቀመ ሽንት በገንዳ ሞልተው ልብሱን በእግራቸው ይረግጡት ነበር። የቆየ ሽንት አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያም ቅባት ያስለቅቃል፤ ነገሩ ቢያስቀይምም ሥራው ሥራ ነው።

ስለ ቃሉ አመጣጥ በየቦታው የሚደጋገም አንድ ተረት አለ። ሮም አጠገብ ሳፖ የሚባል ተራራ ነበረ ይላል። እዚያ ላይ እንስሳ እየታረደ መሥዋዕት ይቀርብ ነበር፤ ሞራውና አመዱ በዝናብ ታጥቦ ወደ ቲቤር ወንዝ ሲወርድ፣ ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ጭቃው እድፍ እንደሚያስለቅቅላቸው አወቁ፤ ሳሙናም ስሙን ከተራራው አገኘ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ችግሩ እንዲህ የሚባል ተራራ አለመገኘቱ ነው። የመሥዋዕት እንስሳ ሞራ ቀልጦ በአመድ ተቀቅሎ ሳሙና እስኪሆን ድረስ ዝናብም አይጠብቀውም። ተረቱን ያነሣሁት ግን ለማፍረስ ብቻ አይደለም። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የእውነት ለሳይንስ አንድ ቃል የሰጡበት ቦታ አለና ነው። ቦታው ዓድዋ ነው፤ እንደርስበታለን።

ላቲኑ ሳፖ ወደ ግሪክኛ ሲሻገር «ሳፖን» ሆነ፤ ከምሥራቁ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ዓረብኛ «ሷቡን» ብሎ ተቀበለው። ሐለብና ናብሉስ በወይራ ዘይት ሳሙና የታወቁት በዚህ ስም ነው። ዓረብኛ ደግሞ ቃልን የትም ያደርሳል፤ ቱርኩ «ሳቡን» ይላል፣ ሶማሊው «ሳቡን»፣ ስዋሂሊው «ሳቡኒ»፣ ማላዩም «ሳቡን»። አማርኛ ላይ ሲደርስ ብ ወደ ም ዞረ። ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ አንዱ በሌላው መተካቱ የሚገርም አይደለም። በዚህ መንገድ ሳቡን ሳሙና ሆነና ቀረ።

ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ እንግዳ አይደለም። የወላስማዎቹ የይፋት ሱልጣኔት በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሸዋን አጠቃልሎ ከያዘ ጀምሮ፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው መንገድ በዚህ ቆላ ነበር የሚያልፈው። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም የአንኮበር ቤተ መንግሥት ከታጁራና ከዘይላ የሚመጣውን ዕቃ የሚጠብቀው ከሥሩ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ለመዋዋል የመጣው እንግሊዛዊው ሃሪስም በዚያው በኩል ነው ያለፈው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዛጎል ሲወጣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርድ ነበር። ከዕቃው ጋር ስሙም አብሮ ይገባል፤ አርጎባውም ነጋዴ፣ አፋሩም ግመል ነጂ፣ አማራውም ገዢ በሚግባቡበት መንገድ ላይ የዓረብኛ ቃል ሰው ቤት ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም።

ስሙ ይምጣ እንጂ ማጠብ ራሱ ከውጭ አልመጣም። ሳሙና የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት ሸማ ይነጣ ነበር። የሚነጣውም በእንዶድ ነው።

እንዶድን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ነው፤ አጥር ላይ ይወጣል፣ ዛፍ ይደገፋል። ወንድ ተክልና ሴት ተክል አለው፤ የሚያፈራው ሴቷ ናት። ፍሬው እንደ ዘለላ ተንዠርጎ ይወርዳል፤ አንዱን ፍሬ ነጥላችሁ በጣታችሁ ብትይዙት አምስት ጉጦች ተጣብቀው አንድ የሆኑ ይመስላል። ሲበስል ወደ ቀይ ይዞራል። ለማጠቢያ ግን መብሰሉ አይጠበቅም፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ይሸመጠጣል፣ ጸሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል። የሚወቅጠው ሰው ያነጥሰዋል፣ ዓይኑንም ይለበልበዋል፤ ፊት አዙሮ መውቀጥ የተለመደው ለዚህ ነው። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ሲያሹት አረፋው ይነሣል። ከዚያ ነጠላውና ጋቢው ይነከራል፣ ድንጋይ ላይ ይረገጣል፣ ይጨመቃል፣ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል። (አረፋ ስል የበዓሉን ማለቴ አይደለም፤ ይፋት ላይ ይህን መለየት ግድ ነው። ለአረፋም ለጥምቀትም ልብስ የሚታጠበው ግን በዚሁ አረፋ ነበር።) ኦሮምኛ «ሀንዶዴ» ይለዋል፤ ትግርኛ «ሽብቲ»።

አረፋው ከየት መጣ? ይህን ለመረዳት ሳሙና ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ውሃና ቅባት አይግባቡም። እድፍ ደግሞ አብዛኛው ከቅባት ጋር የተለወሰ አቧራ ነው፤ ውሃ ብቻውን ሲያፈሱበት ከላዩ ይንሸራተታል። የሳሙና ቅንጣት አንደኛው ጫፏ ከውሃ ጋር፣ ሌላኛው ጫፏ ከቅባት ጋር ይስማማል። ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋርኛም አማርኛም የሚያውቅ ደላላ ሻጭና ገዢን እንደሚያገናኝ፣ ቅንጣቷም አንድ እጇን ለቅባቱ፣ አንድ እጇን ለውሃው ሰጥታ ሁለቱን ታገናኛለች። ቅባቱ በእነዚህ ቅንጣቶች ተከቦ ከልብሱ ይላቀቃል፣ ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

የፕሊኒ ሳፖ እንዲህ ዓይነት ቅንጣት የሚያገኘው ሞራን ከአመድ ጋር በማፍላት ነው። የአመድ ውሃ ሞራውን ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ክፍል ከአመዱ ፖታሽ ጋር ተጣምሮ ሳሙና ይሆናል። ፈረንሳዊው ሼቭረል በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቅባትን አሠራር ፈትቶ እስኪያሳይ ድረስ ሰው ሳሙናን ሲሠራ የኖረው በልምድ ነበር። እንዶድ ውስጥ ግን እሳትም ሞራም አመድም የለም። ተክሉ በራሱ ሁለት ጫፍ ያለውን ቅንጣት ሠርቶ አስቀምጦታል፤ አንደኛው ጫፍ ስኳር ነው፣ ውሃን ይወዳል፤ ሌላኛው ቅባትን የሚወድ ነው። ኬሚስቶች በአውሮፓ ለልብስ ማጠቢያ ያገለግል ከነበረ ሳፖናሪያ ከሚባል አረም ይህን ዓይነት ነገር ሲያወጡ፣ የድሮውን ላቲን ቆንጥረው «ሳፖኒን» አሉት። ጀርመኖቹ ጸጉር ያቀሉበት ቃል ዞሮ ዞሮ ለእንዶዳችን ስም የሰጠው በዚህ በኩል ነው።

ሁለቱ አረፋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የቆላ ውሃ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። በእንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና ስታሹ አረፋ በመሥራት ፈንታ ይቆራረጣል፣ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ልብሱ ላይ ይለጠፋል፤ «ውሃው ሳሙና አይቀበልም» የሚባለው ይህ ነው። ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ነገር ስለሚሆን ነው። ሳፖኒን ከካልሲየም ጋር እንዲህ አይጣበቅም፤ እንዲህ ባለው ከባድ ውሃም ያረፋል። ዛሬ ሁላችን «ኦሞ» የምንለው ዱቄትም ይህንኑ ችግር ለመሸሽ የመጣ ነው፤ በኬሚስትሪው ቋንቋ ከሳሙና ወገን አይደለም፣ «ዲተርጀንት» ነው፣ ቃሉም በላቲን ጠርጎ ማጥፋት ማለት ነው። አንድ የፋብሪካ ምልክት የዕቃው ሁሉ ስም መሆኑ ደግሞ የራሱ ታሪክ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላዘግም። እንግሊዝኛ ለማጽዳት ሁለት ቃል አለው፤ አንዱ «ክሊን»፣ ሌላው «ክሌንዝ»። ሁለተኛው ከእድፍ ይልቅ ከነውርና ከኃጢአት ጋር ይሄዳል፤ እኛም ማጽዳትና ማንጻት እንላለን። ሶፕ የመጀመሪያው ወገን ነው። ይፋት ላይ ይህ ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው። ለሶላት የሚደረገው ውዱእ ውሃ እንጂ ሳሙና አይፈልግም፤ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ገላውን በሳሙና የታጠበ ሰውም ሳይነይት አልነጻም። ውሃ በጠፋበት በረሃ ደግሞ ተየሙም አለ፤ ንጹሕ አፈር በእጅ ነክቶ ፊትንና እጅን ማበስ። አፈር የሚያነጻበት ሥርዓት ለሳሙና ሻጭ ግራ ነው፣ ግን ይህ ስለ ቅባት የሚናገር ሥርዓት አይደለም። ጠበል የሚጠመቀውም ክርስቲያን እንዲሁ ጠበሉ ያረፋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ሶፕን «መንጻት» በሚለው ስሜት የሚተረጉም ተማሪ ይሳሳታል፤ ሶፕ እድፍ ላይ ብቻ ነው ሥልጣኑ።

አሁን ወደ ዓድዋ። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በውሃ ስለሚተላለፈው የትል በሽታ፣ ስለ ብልሃርዚያ፣ ያጠና ነበር። አክሊሉ ለማ ይባላሉ፤ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ። ብልሃርዚያ እንዲተላለፍ የውሃ ቀንድ አውጣ ግድ ያስፈልገዋል፤ እሳቸውም ቀንድ አውጣዎቹን ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ ከታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ፤ ከላይ በኩል ግን ሕያዋን ነበሩ። ብዙ ሰው አይቶ ሊያልፈው የሚችል ነገር ነው። እሳቸው ሕያዋኑን አምጥተው አረፋው ውስጥ ከተቱዋቸው፤ ሞቱ።

አንድ አመለካከት ላይ ልቁም። ይህ ግኝት ሲነገር ብዙ ጊዜ «ሳይንቲስቱ እንዶድን አገኘ» ይባላል። እንዶድን ያገኘ ሰው የለም፤ ሴቶቹ ያውቁታል፣ እናቶቻቸውም ያውቁት ነበር። አክሊሉ ያገኙት በሁለት ዓይነት ዕውቀት መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ አጣቢዋ የልብሱን ንጣት ታያለች እንጂ ቀንድ አውጣ አትቆጥርም፤ ቀንድ አውጣ ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልብስ ማጠቢያ ደንታ የለውም። እሳቸው ሁለቱንም አብረው አዩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኖቤል አይተናነስም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀንድ አውጣዎቹ ለምን እንደሚሞቱ ደግሞ ከላይ ካነሣነው ቅንጣት ጋር ይያያዛል። የእንስሳ ሕዋስ ቆዳ የተሠራው ከቅባት ነው። ሳፖኒን እድፍ ላይ የሚያደርገውን ሕዋሱ ቆዳ ላይም ያደርገዋል፤ ይበሳዋል። ቆዳው ስስ የሆነው፣ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ አይቋቋመውም። ዓሣም አይቋቋመውም፤ እንዶድ ውሃ ውስጥ ዓሣ ያሰክራል፣ ይገድላልም። ሰው ልብስ ሲያጥብበት አይጎዳውም እንጂ ሲጠጣው ይመርዘዋል።

ሰው ሁሉ የማያውቀው፣ እኔን ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነገር ይህ ነው። በደረቅ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አብዛኛው ገዳይ አይደለም። በሁለት በኩል ስኳር ታስሮበት፣ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲገባው ግን በራሱ ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንደኛውን የስኳር እስር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። በአልኮል የተነከረ ዱቄት ያን ኤንዛይም አያሠራውም፣ ቀንድ አውጣ የሚገድለውም ነገር አይወጣም። ላብራቶሪዎች ይህን የደረሱበት ብዙ ቆይተው ነው፤ ውቀጪ፣ ውሃ አድርጊ፣ እሺ የሚለው የእናቶች ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው ልክ ነበር።

በተክሉ ውስጥ ያለውን ዋናውን ገዳይ ነገር የለዩት ኬሚስቶች ስሙን «ለማቶክሲን» አሉት፤ በአክሊሉ ለማ ስም። የሶፕ የዘር ሐረግ ውስጥ የኢትዮጵያዊ ስም የገባው በዚህ ነው። በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በእንዶድ ቀንድ አውጣ የመቆጣጠር ሥራ ተካሂዶ በከተማው የብልሃርዚያ ስርጭት ከ63 ወደ 34 በመቶ፣ በታናናሾቹ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ ላይ ያለው ቁጥር የበለጠ የሚናገረው ለዚህ ነው፤ ትልቁ ሰው የድሮ በሽታ ተሸክሞ ይቆያል፣ ሕፃኑ ግን በቅርቡ የተያዘ ወይም ያልተያዘ ነው፤ ስለዚህ መተላለፉ መቀነሱን የሚመሰክረው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አብረዋቸው የሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የተሰበሰበውን እንዶድ አራብተው ከሁሉም የሚሻለውን ዝርያ ለዩ፤ «ዓይነት 44» ይባላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዓመት አለቀ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተክሉን ለመቀበል የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ ገበያው ላይ የነበረው የፋብሪካ ቀንድ አውጣ ገዳይ ደግሞ ውድ ነበር፣ ድሃ አገር በውጭ ምንዛሪ ይገዛዋል። ምርመራውም ሲያልቅ ሌላ ነገር ደረሰ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተስፋፋ፣ በየትምህርት ቤቱ በነፃ መታደል ጀመረ። ቀንድ አውጣውን መግደል ወደ ኋላ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ላይ ደግሞ አክሊሉ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ባለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ የታላላቆቹን ሐይቆች ቧንቧ የሚደፍነው ዜብራ ሙስል የሚባል ዛጎል በእንዶድ እንደሚሞት ታየ። ዩኒቨርሲቲው ፓተንት አወጣበት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሀብቱ ባለቤትነት የተነሣው ክርክር ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ ኖሯል። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።

አሁን ይፋት ቆላን እንይ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከደጋው ቁልቁል የሚወርዱት ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ መንገዳቸው ላይ ቦይ ተቆፍሮ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሾና ፍራፍሬ ያለማሉ። ውሃው በወንዙ ውስጥ ሲሆን ክረምት ላይ ደራሽ ይመጣል፣ ቀንድ አውጣውንም ጠርጎ ይወስዳል። ቦዩ ውስጥ ሲሆን ግን ይዘገያል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ለቀንድ አውጣ ይመቸዋል። የአንጀት ብልሃርዚያ አስተላላፊ የሆነችው ቀንድ አውጣ፣ እንደ ጠፍጣፋ ቀለበት የተጠቀለለችው፣ የምትወደው እንዲህ ያለውን ሞቃትና የዘገየ ውሃ ነው። በስተሰሜን በቦርከና ሸለቆ ከሚሴና ሀርቡ በሽታው ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

ዑደቱ አጭር ነው። የታመመ ሰው እዳሪ ውሃ ውስጥ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል፤ ሳምንታት ቆይቶ በሺዎች ሆኖ ይወጣል፤ ሰው ውሃው ውስጥ እግሩን ሲከት በቆዳው ውስጥ ያልፋል። የሚወጣው በብርሃን ነው፤ በይበልጥም ከረፋድ እስከ ከሰዓት። ልብስ የሚታጠበውም ያን ጊዜ ነው፤ ጸሐይ ሲኖር ነው እንጂ ማታማ አይደርቅም። ልጆችም የሚዋኙት፣ ገበሬውም ቦዩን የሚጠርገው ያን ጊዜ ነው። ማጠቢያው ቦታ በሽታው የሚይዝበት ቦታ የሆነው ከሌላ ምክንያት አይደለም፤ ሰው፣ ውሃና ቀትር የሚገናኙበት ስለሆነ ነው። የልብስ ሳሙናም ልብሱን ያነጣል እንጂ ቦዩን አያነጣም፤ አንዲት ሴት ባጠበችበት አረፋ ሙሉ ቦይ ማጽዳት አይቻልም።

ታዲያ እንዶድን ለቦዩ መጠቀም ይቻላል ወይ? ሸዋ ሮቢት ራሷ ለእንዶድ ዝቅ ትላለች፤ ተክሉ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን አገር ይመርጣል። ዳገቱ ላይ ግን እንደ ልቡ ነው፤ ከአርማኒያ ሽቅብ እስከ ደብረ ሲና አጥር ሆኖ ይኖራል። ቆላው የራሱ አለው፤ በደኖ የሚባለው እሾሃም ዛፍ፣ አንዳንዱ ጀሞ ይለዋል። ፍሬውን ግመልም ፍየልም ይወዳል፣ ልጆችም ይመጥጡታል። ልጣጩና ፍሬው ሳፖኒን አለው፤ በብዙ የአፍሪካ ቆላዎች ልብስ ታጥቦበታል፣ ቀንድ አውጣም ይገድላል። ሁለቱም ግን ዓሣ ስለሚገድሉ፣ ሰውም ከብትም ከሚጠጣው ውሃ ጋር ሳይሆን በተዘጋ ቦይ፣ መጠኑን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው የሚሠሩት። «ተክል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ለአንድ ቤተሰብ የሚበጀው ቀለል ያለ ነው። ከቦዩ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት በበርሜል ሁለት ቀን ከቆየ ብልሃርዚያው በራሱ ይሞታል፤ ያን ውሃ ለልብስም ለገላም መጠቀም ይቻላል። ማጠቢያውን ድንጋይ ከቦዩ አርቆ ማኖር፣ ያጠቡበትን ውሃ ወደ ቦዩ አለመመለስ፣ እዳሪን ከውሃው ማራቅ፣ በትምህርት ቤት ክኒኑ ሲመጣ ልጅን አለማስቀረት ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከባድ ሆኖ ሳሙናው ቢቆራረጥ ደግሞ ውሃውን አፍልቶ ማስቀመጥ በብዙ ቦታ ይረዳል፤ ካልሲየሙ ከፊሉ ከድስቱ ሥር ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል።